ነዳጅ ስረግጥ መኪናዬ ለምን ያመነታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ለረጅም ጊዜ የነዳሁት ቱርቦ የሌለው 1.8 ሊትር የቤንዚን መኪና ነበር። በቅርቡ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ገዛሁ፤ አውቶማቲክ ነው። ጉልበቱ ከድሮው ይበልጣል። ግን ባለፈው ሳምንት ዳገት ላይ አንድ የጭነት መኪና ልቀድም ወጣሁና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥኩት፤ ምንም የለም። አንድ፣ ሁለት ብዬ ከቆጠርኩ በኋላ ድንገት ተስፈንጥሮ ሄደ። ከፊት መኪና እየመጣ ስለነበር ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት። መካኒኬ «ቱርቦው ደክሟል፣ መቀየር አለበት» ይላል። ልቀይረው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። ቱርቦውን ለመቀየር ግን አትቸኩዪ። የደከመ ቱርቦ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶም ቢሆን እንዲህ አያስፈነጥርም። ያንቺው ጉልበት መጥቷል፤ የመጣው ዘግይቶ ነው። ይህ መዘግየት «ቱርቦ ላግ» ይባላል፤ ጤነኛ መኪና ላይም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ጫፍና ጫፍ የተገጠሙ ሁለት ትናንሽ ባለ ክንፍ መዘውሮች ናቸው። አንደኛው የሚቀመጠው ጭስ በሚወጣበት በኩል ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ እየገፋ ያሽከረክረዋል። እሱ ሲዞር በሌላው ጫፍ ያለውም አብሮ ይዞርና አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ትንሹ ሞተር እንደ ትልቅ ይጎትታል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጭስ እንዲበዛ አየር ያስፈልጋል፣ አየር እንዲበዛ ደግሞ ጭስ ያስፈልጋል። በዝግታ ስትነጂ ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ጥቂት ስለሆነ መዘውሩም አይፈጥንም። የትናንሽ መኪኖች ቱርቦ ግን በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በደቂቃ እስከ 200,000 ዙርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ፔዳሉን ስትረግጪ መጀመሪያ ጭሱ ትንሽ ይጨምራል፣ እሱ መዘውሩን ትንሽ ያፈጥነዋል፣ አየሩ ትንሽ ይጨምራል፣ ያ ደግሞ ሌላ ጭስ ያመጣል፣ እንዲህ አንዱ ሌላውን እየገፋ ነው ጉልበቱ የሚሞላው። እስኪሞላ ድረስ የምትነጂው ቱርቦ የሌለው 1.5 ሊትር ሞተር ነው። «ምንም የለም» ያልሽው እሱን ነው። ከድሮው 1.8 ያነሰ ሞተር፣ ያውም ዳገት ላይ።

ዳገቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከነበረ ደግሞ ይብሳል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቱርቦ ይህን ያካክሳል፤ ግን ለማካካስ የበለጠ መፍጠን ስላለበት ጥበቃው ይረዝማል።

ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያደባልቃል። ሞተሩ በደቂቃ 1,300 ዙር ላይ እያለ ብትረግጪ ብዙ መኪና ላይ ጭሱ ቱርቦውን በደንብ ለማስነሳት አይበቃም፤ ዙሩ ከፍ እስካላለ ድረስ ብትጠብቂም ለውጥ የለውም። 2,500 ዙር ላይ እያለ ብትረግጪ ግን ጭሱ ይበቃል፤ መዘውሩ እስኪፈጥን ብቻ ትንሽ ትጠብቂያለሽ። ላግ የሚባለው በትክክል ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው የዙር ማነስ ነው፤ መፍትሔውም ማርሽ መቀነስ ነው።

ያንቺ ደግሞ አውቶማቲክ ነው። ካምቢዮው መጀመሪያ ምን ያህል እንደረገጥሽ ያያል፣ ከዚያ ማርሽ ይቀንሳል፣ ከዚያ ነው ዙሩ ከፍ የሚለው። እኔ እንደማምነው ከቆጠርሻት ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ቀላል የማይባለው የካምቢዮው ነው፤ ስድቡን ግን ቱርቦው ይበላል። ለማረጋገጥ ባዶ መንገድ ፈልጊ። ማርሹን በእጅ 3ኛ ላይ ያዢው፣ ዙሩን ወደ 2,500 አምጪና ረገጥ አድርጊ። ቶሎ ከሳበሽ ቱርቦሽ ደህና ነው። ለመካኒክሽም ይህንኑ አሳዪው።

አምራቾቹም ከዚህ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በጭስ የሚሠራ ቱርቦ የባለቤትነት መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ለገበያ የቀረቡ የቤት መኪኖች ላይ የተገጠመው ግን እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ነው፤ በኦልድስሞቢል ጄትፋየርና በሼቭሮሌት ኮርቬር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጣው ፖርሽ 911 ቱርቦ በዚህ መዘግየት ስሙ የገነነ ነው። ቱርቦው ትልቅ ነበር። ሹፌሩ መታጠፊያ ላይ ይረግጣል፣ ምንም አይሆንም፣ ይጨምርለታል፣ ከዚያ መሪው ገና ሳይቃና ጉልበቱ በአንዴ ይመጣና የኋላው ይንሸራተታል። እርጥብ መንገድ ላይ ዛሬም የቱርቦ ጉልበት በአንዴ መጥቶ ጎማ ሊያንሸራትት ስለሚችል መታጠፊያ ላይ በልኩ ርገጪ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። አነስ ያለ ቱርቦ ይገጥማሉ፤ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይነሳል። ናፍጣ ላይ በተርባይኑ (ጭሱ በሚያዞረው መዘውር) ዙሪያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትናንሽ ክንፎች ያደርጋሉ። የውሃ ጎማ አፉን በጣት ስትጫኚው ውሃው እንደሚወነጨፈው፣ ክንፎቹም መንገዱን ሲያጠቡት ጥቂቱ ጭስ በኃይል መዘውሩን ይመታል። ኦዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤስኪው7 በተባለው መኪናው ላይ በ48 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚዞር ተጨማሪ መጭመቂያ ገጠመ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የቮልቮ ነው። እነሱም በዚያው ዘመን ናፍጣ ሞተራቸው ላይ 2 ሊትር የተጨመቀ አየር የሚይዝ ጋን አስቀመጡና ሹፌሩ ሲረግጥ አየሩን ጭሱ በሚያልፍበት በኩል ይለቁታል፤ ጭሱ እስኪበዛ ሳይጠበቅ መዘውሩ ይነሳል።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ ሁለት ሴኮንድ ማለት 44 ሜትር ያህል ነው። ከፊት የሚመጣውም በዚያው ፍጥነት ከሆነ በመካከላችሁ ያለው መንገድ በዚያች ቅጽበት ወደ 90 ሜትር ይቀንሳል። ስለዚህ ጥበቃውን በራስሽ መስመር ላይ ጨርሺው። ከጭነት መኪናው ኋላ ራቅ በዪ፤ ስትርቂ እይታሽም ይሰፋል። መንገዱ ነጻ መሆኑን ስታዪ ስፖርት የሚለውን አስገቢ ወይም ማርሹን በእጅ ቀንሺ። ዙሩ 2,500 ወይም 3,000 ሲሆን ለስለስ አድርገሽ ጨምሪ። ጉልበቱ ሲመጣ ወንበሩ ጀርባሽን ሲገፋሽ ይሰማሻል። ያኔ ለመቅደም ውጪ። ካልተሰማሽ አትውጪ።

ጥያቄ፦ ፒክአፔ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ነው። ድሮ ፈጣን ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ዳገት ላይ ይሞታል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ስረግጠው «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው። ላግ ነው ብለው ነገሩኝ።

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ላግ ከመኪናው ጋር የተወለደ ነው፤ ከሁለት ወር ወዲህ አይጀምርም። ያንተ ብልሽት ነው፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው የአየር መውጣትን ነው። ቱርቦው የጨመቀው አየር ሞተሩ ጋ ሳይደርስ በሆነ ቀዳዳ ያመልጣል፤ የሚረጨው ነዳጅ ከሚደርሰው አየር ይበልጣል፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

እኔም አንድ ጊዜ ይሄው ደርሶብኛል። ሁለት ጋራዥ ሄጄ ሁለቱም ቱርቦ ቀይር አሉኝ። በመጨረሻ የተገኘው ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል) የሚሄደው የጎማ ቱቦ ሆዱ ስር የጣት ያህል ስንጥቅ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከላይ ስታየው ምንም አይልም፤ በእጅ ጠምዘዝ ሲደረግ ግን አፉን ከፈተ። ዙሪያውንም በዘይትና በአቧራ ጠቁሮ ነበር። አንተም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ከስር ዳስሳቸው፣ ማሰሪያዎቹ መላላታቸውን እይ። ካላገኘህ መስመሩ በአየር ተሞልቶ የሳሙና ውሃ ይቀባ፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ነው ቀዳዳው።

ከዚያ የአየር ፊልትሮውን እየው። ቀጥሎ የቱርቦውን ክንፎች የሚያንቀሳቅሰውን ክፍልና ወደሱ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ። ክንፎቹ ራሳቸው በጥላሸት ተጣብቀው ሊሆንም ይችላል፤ አንዳንዴ በጽዳት ይለቃሉ። የቱርቦው ዘንግ የሚፈተሸው ከሁሉም በኋላ ነው። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ሲሠራ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በዘይት ላይ ነው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚጫወት ከሆነ፣ ወይም የመዘውሩ ክንፍ ግድግዳውን ከቧጠጠው፣ ያኔ ቀይር።

ጥያቄ፦ ትልቅ ቱርቦ ባስገጥም መዘግየቱ ይጠፋል?

መልስ፦ ይብስበታል። ትልቁን መዘውር ለማስነሳት ብዙ ጭስ ያስፈልጋል፤ ከፍተኛ ዙር ላይ ስትደርስ ጉልበት ይጨምርልሃል፣ ዝቅተኛ ዙር ላይ ግን አሁን ከምትጠብቀው በላይ ትጠብቃለህ። የምትነዳው ከተማ ውስጥ ከሆነ የፋብሪካውን አትንካው።