የድሮ ስልክ እጀታ በሞባይል፦ ጥያቄና መልስ

የድሮ የቤት ስልክ እጀታ ከሞባይል ጋር ተያይዞ እንደሚሠራ ብናገር ጥያቄው በዛ። እነዚህን ስልኮች ስፈታ ስገጥም ስለኖርኩ የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአባቴን ጥቁር ስልክ እጀታ ከሞባይሌ አገናኘሁት። እኔ እሰማለሁ፤ እነሱ ግን አይሰሙኝም። ማይኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ላይበላሽ ይችላል። የድሮው ማይክ ውስጡ የከሰል ፍርክስካሽ ነው፤ አውጥተህ ጆሮህ ጋ ብትነቀንቀው እንደ አሸዋ ሲንኮሻኮሽ ትሰማዋለህ። ስትናገር ከሰሉ ይጠጋጋል፣ ይላላል፤ የሚያልፍበት ከረንትም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ለዚህ ግን በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይፈልጋል፤ ድሮ ከቴሌ ጣቢያው 48 ቮልት ያገኘው ነበር። ሞባይል ለማይክ የሚሰጠው 2 ቮልት ገደማ ነው፤ ከረንቱም ከ1 ሚሊአምፒር ብዙ አያልፍም። ስለዚህ በከሰሉ ቦታ ኤሌክትሬት ማይክ፣ ማለትም በትንሽ ከረንት የሚሠራ ትንሽ ማይክ፣ ግጠም፤ ከአሮጌ ኢርፎን ላይም ይገኛል። ከቆርቆሮ ልባሱ ጋር የተያያዘው እግር ኔጌቲቭ ነው፤ ካገላበጥከው አይሠራም።

ጥያቄ፦ ስፒከሩንስ ልቀይረው?

መልስ፦ እባክሽ እህቴ፣ እሱን ተዪው። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነኪው፤ “ቀጭ” ካለ ደህና ነው። ድምፁ ዝቅ ካለ ኦህሙ (ከረንትን የመቋቋም መጠኑ) ከኢርፎን ስለሚበልጥ ነው፤ ቮሊዩም ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ሞባይሉ ላይ የሚሰካው የጃኩ ሽቦ አቀማመጥ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለበትን ግዛ፤ ሁለት ብቻ ያለው ለማይክ ቦታ የለውም። ከጫፉ ሲቆጠር ግራ ድምፅ፣ ቀኝ ድምፅ፣ ግራውንድ (የጋራው ኔጌቲቭ)፣ ማይክ ነው። አንዳንድ የቆዩ ሞባይሎች ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይገለበጣሉ። የጃክ ቀዳዳ ለሌለው ሞባይል ማይክ የሚቀበል የታይፕ ሲ አዳፕተር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የተጠቀለለው ገመድ ሶልደር አልይዝ አለኝ።

መልስ፦ በውስጡ ያለው ተራ ሽቦ አይደለም፤ በክር ላይ የተጠመጠመ ስስ የመዳብ ጥብጣብ ነው። ስንት ዓመት ሲለጠጥ ኖሮ ያልተበጠሰውም ለዚህ ነው። ሙቀት ክሩን ያቃጥለዋል። ነባሩን የብረት ጫፍ ሳትቆርጥ በብሎን እሰረው።

ጥያቄ፦ ስልኩ የአያቴ ነበር። ኋላ ወደ ነበረበት መመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ ካልቆረጥክና ካልበሳህ፣ አዎ። ጥሪ ማንሻ ቁልፍ ከፈለግህ እንኳ ማይክንና ግራውንድን ለአፍታ የሚያገናኝ ትንሽ ቁልፍ ገመዱ ላይ አድርግ እንጂ እጀታውን አትብሳ። የወጣውን የከሰል ማይክ እኔ በወረቀት ጠቅልዬ እዚያው ስልኩ ሆድ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።