ጋይኑን ስንት ላይ ላድርገው ለምትሉኝ ልጆች

ሰሞኑን ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ልጅ ጊታር አዝሎ አገኘኝና «ጋሼ፣ ለዲስቶርሽን ጋይኑን ስንት ላይ ላድርገው?» አለኝ። መልስ ልሰጠው ስጀምር የድሮ ቁጭት ተቀሰቀሰብኝና ወሬው ሌላ ቦታ ሄደ፣ ታክሲውም መጣ፣ ልጁም ሳይገባው ሄደ። ስለዚህ ለሱም ለናንተም ልጻፈው። ጊታራችሁን ቃኙ፣ ክር ቀይሩ ምናምን አልልም፣ እሱን ታውቁታላችሁ።

ለማያውቅ፣ ዲስቶርሽን ሻካራው የሮክ ጊታር ድምፅ ነው፣ ጋይን ደግሞ ሻካራነቱን የሚጨምረው ቁልፍ ነው። መልሱ አጭር ነው፣ አሁን ካደረጋችሁበት ግማሹ ይበቃል። ምክንያቱ ነው ረጅም።

የዋልያስ ባንድ ልጆች ሂልተን ይጫወቱ በነበረበት ጊዜ እኔ መሀል ከተማ ሌላ ሆቴል ለሚጫወት ባንድ ገመድ እጠቀልል ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጫ የለውም፣ ባንዱም አብሮ ያድራል። የባንዱን ጊታሪስት ስም ቤተሰቡን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፣ ጋሼ ነበር የምለው። አምፑ (የጊታሩ ድምፅ ማጉያ) በመስታወት ቱቦ የምትሠራ ትንሽ ቱዩብ አምፕ ነበረች፣ ከ20 ዋት አትበልጥም። ከጀርባው ወንበር ላይ ያስቀምጣትና ወደ ጆሮው ቀና ያደርጋታል። አምፕ ወለል ላይ ሲሆን ድምፁ በጉልበታችሁ ስር ያልፍና እናንተ በደንብ ሳትሰሙት ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ጆሮ ይበሳል። ዛሬም ስንት መድረክ ላይ እንደዛ ሆኖ አያለሁ መሰላችሁ።

የአምፑን ቮሊየም ከመሀል አሳልፎ ይከፍትና የጊታሩን ቮሊየም ይቀንሰዋል። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ሌሊቱን ሙሉ የጊታሩ ቮሊየም ላይ እንደተጠመጠመች ነው። ዘፋኙ ሲዘፍን ቮሊየሙ ከአስር ስድስት አካባቢ ላይ ነው፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ከኪቦርዱና ከሳክሱ መሀል ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ሶሎው ሲቀርብ ጣቷ ቀስ እያለች ታዞራለች፣ ያው አምፕ ያው ጊታር ሻከር ማለት ይጀምራል፣ ጠበቅ አድርጎ ሲመታ ይጮሃል፣ በለስላሳው ሲነካው እንደገና ይጠራል። ፔዳል የሚባል፣ ተረግጦ ድምፅ የሚቀይር ነገር እግሩ ስር የለም። ሰው ዳንሱን ትቶ ቆሞ ሲያየው በአይኔ አይቻለሁ።

ሚስጥሩን ቆይቼ ነው የገባኝ። ቱዩቡ የሚችለው ልክ አለው፣ ከዛ በላይ ሲግናል ሲገባበት የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ሲቆረጥ ደግሞ በዋናው ኖታ ላይ ሌሎች ከፍ ያሉ ድምፆች ይጨመሩበታል፣ ዲስቶርሽን ማለት ይሄ ነው። ጊታሩ ላይ ስትቀንሱ ጫፉ ልኩ ውስጥ ይመለስና ክሊን፣ ማለትም ጥርት ያለ ይሆናል። 20 ዋት ስለሆነች ነው ደግሞ ሆቴሉን ሳታፈርስ እዛ ልክ የደረሰችው። 100 ዋት ያለው ልጅ 10 ዋት ካለው ጓደኛው አስር እጥፍ የሚጮህ ይመስለዋል፣ ለጆሮ ግን ልዩነቱ እጥፍ ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ቁጭቱ። ባንዱ ካሴት ሊቀዳ ስቱዲዮ ገባ፣ እኔም አምፑን ተሸክሜ ገባሁ። ቀጂው ማይክ አይበቃም አለ፣ ያሉት ለዘፋኙ፣ ለብራሱና ለድራሙ ናቸው፣ ጊታሩ በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰካ። ጋሼ በትህትና «አንድ ማይክ ብቻ ስፒከሯ ፊት አድርግልኝ» አለው። ሰዓት የለንም ተባለ። ደግሞ ጠየቀ፣ ያው መልስ። አምፗ ኮሪደር ላይ ኮቱ ተጥሎባት ቀረች። የጊታር ስፒከር እኮ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ድምፅ ይቆርጣል፣ ያ የሚያቃጥለው ሻካራ ነገር ጆሮ ጋ ሳይደርስ እዛው ይቀራል። በቀጥታ ሲሰካ ሁሉም ይወጣል፣ ቱዩቡም ስፒከሩም የሉም። ሶሎው ላይ ፉዝ የሚባል የሚያሻክር ፔዳል አውሰውት ሞከረ፣ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ሆነ፣ ነቅሎ በክሊን ጨረሰው። ካሴቱ ወጣ፣ ሰውም ወደደው፣ ለዘፈኑ ማለቴ ነው። ጊታሩ ግን ቀጭን፣ ደረቅ። ጋሼ በኋላ ከሀገር ወጣ፣ እዛው አረፈ። ዛሬ ያንን ካሴት ኢንተርኔት ላይ የሚሰሙ ልጆች «ያኔ ጊታር ቶን አይታወቅም ነበር» ሲሉ ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። ይታወቅ ነበር! የቀዳው ሰው ነው ያጣው።

እናንተ አሁን ማይክ አላችሁ፣ ቢያጣ ጓደኛ ያውሳል። ማይኩን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አድርጋችሁ፣ ስፒከሩ መሀል ላይ ባለችው ክብ ጠርዝ ላይ አነጣጥሩት፤ ማይኩ ወደ መሀል ሲሄድ ድምፁ ስል ይሆናል፣ ወደ ዳር ሲሄድ ይለሰልሳል። አምፕ የሌለው ደግሞ በስልክም በኮምፒውተርም ቢሆን የካቢኔት ሲሙሌሽኑን (የስፒከሩን ሥራ የሚያስመስለውን) አይዝጋ።

የዛሬ ልጆች እጃችሁ ፈጣን ነው፣ ከኛ በጣም ትበልጣላችሁ፣ እውነቴን ነው። የማልወድላችሁ ቶን የምትሠሩት ለብቻችሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጆሮ ላይ ሄድፎን አድርጋችሁ መሆኑን ነው። ለብቻ ሲሆን ሚድን (መሀለኛውን ድምፅ) ዜሮ አድርጎ ቤዝና (ወፍራሙን) ትሬብል (ቀጭኑን) መጨመር ያምራል፣ ትልቅ ይመስላል። ከባንድ ጋር ስትገቡ ቤዙን ቤዝ ጊታሩ ይበላዋል፣ ትሬብሉን ሲምባሉ ይበላዋል፣ እናንተ ትጠፋላችሁ፣ ከዛ ጋይን ትጨምራላችሁ፣ የባሰ ትጠፋላችሁ ምክንያቱም ጋይን ሲበዛ ደካማውና ጠንካራው ምት አንድ ይሆናል። ሚዱን መልሱት። ቱዩብ ስክሪመር የምትባለዋ አረንጓዴ ፔዳል ይሄን ያህል የተወደደችው ሚድ ስለምትጨምርና ቤዝ ስለምትቀንስ ነው፤ ድራይቯን (ጋይኗን) ዝቅ፣ ሌቭሏን (የምታወጣውን የድምፅ መጠን) ከፍ አድርጋችሁ ሞክሯት።

ቱዩብ ካልሆነ አይሆንም የምል እንዳይመስላችሁ። ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120 ውስጡ አንድም ቱዩብ የለም፣ ለክሊን ግን እኔ ራሴ ምርጫ ቢሰጠኝ እሱን ነው የምወስደው። ለትዝታ ክሊን ትንሽ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማሚቶ) ይበቃዋል፣ ኖታው መሀል ያለውን ዝምታ አትሙሉበት።

«ዲስቶርሽን ከኛ ሙዚቃ ጋር አይሄድም» የሚሏችሁን ግን አትስሙ። በገና ላይ አውታሩና ብርኩማው (አውታሩ የሚያርፍበት) መሀል የምትገባው እንዚራ የምትባል ቆዳ ሥራዋ ምንድነው? ድምፁ እንዲነዝር ነው፣ ያለሷ በገና በገና አይሆንም። የጃኖ ባንድ ልጆችም ቅኝታችንን በሮክ ጊታር ተጫውተው አሳይተዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቅኝቱ ላይ ነው። ዲስቶርሽን ውስጥ ሁለት ኖታ አብሮ ሲመታ ከሁለቱም የተለየ ሌላ ድምፅ ይፈጠራል፣ ሜጀር ትዝታ ላይ ኖታዎቹ ስለሚራራቁ ይችለዋል፣ አንቺሆዬና አምባሰል ላይ ግን ግማሽ ቶን ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፣ አንዱን ሳታፍኑ ሌላውን ከመታችሁ ጭቃ ይሆናል። አንድ በአንድ ምቷቸው፣ የቀረውን ክር በመዳፍ ያዙት።

ደግሞ አሜሪካ ካለ ዘመድ አምፕ ለሚላክላችሁ፦ ከኋላው 120 ቮልት የሚል ከሆነ የኛ ግድግዳ 220 ስለሆነ ትራንስፎርመር ግዙለት፣ አቅሙም ከኋላው ከተጻፈው የመብራት ፍጆታ በላይ ይሁን፤ የስፒከሩን ዋት አይታችሁ አትግዙ፣ ቱዩብ አምፕ ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ ይበላል። ፊውዝ ሲቃጠል በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት የሚጠግን ሰው ካያችሁ አምፑን ይዛችሁ ውጡ። ቱዩብ አምፕን ስፒከሩ ሳይሰካ አታብሩት፣ አውትፑት ትራንስፎርመሩን ያቃጥለዋል።