ድንኳኑ ያው ነው፣ ሌሊቱ ግን ረዘመብኝ

ጥያቄ፦ በልጅነቴ አባቴ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቀ ዓመት እረፍት ሲዘጋ፣ ወንድሞቼንና እኔን ይዞ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው የበለጤ ደን ይሄድ ነበር። በሸራ ድንኳን፣ ደረቅ ሣር ጎዝጉዘን እናድራለን፤ እንደዚያ የጣመኝ እንቅልፍ የለም። አንድ ሌሊት ብቻ ብንን ስል አባቴ ፋኖሱን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጦ አየሁትና ተመልሼ ተኛሁ። ዛሬ 46 ዓመቴ ነው። ባለፈው ፋሲካ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር እዚያው አደርን። ልጆቹ ፈነደቁ፤ እኔ ግን ወገቤ ተያዘ፣ ዝናቡም ሲወርድብን አነጋ፤ ብርዱ ሲጠናብኝ ቡና ያፈላንበትን የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳኑ ላስገባው ምንም አልቀረኝም። ልጆቹ እንደገና እንሂድ ይሉኛል። ለእኔ ዕድሜው አልፎ ይሆን?
ስሜ እንዳይጠቀስ፣ ከጅማ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ምድጃው ልናገር፤ እባክዎ ወደፊትም አያስገቡት። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ደህና አድርጎ መቅላቱ ጋዙ መጥፋቱን አያሳይም፣ የድንኳኑን በር ገርበብ ማድረግም አያድንም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ያነጻጸሩት ሁለት ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ወቅትም ጭምር ነው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በፋሲካ ሰሞን ዝናቡ ጀምሯል፣ ጥር ግን በጋ ነው። አባትዎ ወሩን ያለ ነገር አልመረጡትም። እርግጥ ነው፣ የጥር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ይቀዘቅዛል፤ ለዚህም መድኃኒቱ ከሚደርቡት ይልቅ የሚያነጥፉት ነው፤ መሬት የገላን ሙቀት ይወስዳልና። ሣሩ የተጎዘጎዘው ለዚህ ነበር፤ በመካከሉ አየር ይዞ ሙቀት ያቆያል። በአየር የሚነፋው ፍራሽ ለወገብ ይመቻል፣ ነገር ግን በውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ በላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ ካልተነጠፈበት አያሞቅም፤ እኔ ብሆን ስፖንጅ ፍራሽ እመርጣለሁ።

ሰውነትም ተለውጧል፣ ይህን መሸሸግ አይገባም። ጥልቅ የሚባለው እንቅልፍ በልጅነት ብዙ ነው፣ በጉልምስና ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልጅን ነጎድጓድ የማይቀሰቅሰውን ያህል እርስዎን የቅጠል ኮሽታ ይቀሰቅስዎታል። ሴት ከሆኑ ደግሞ፣ የወር አበባ መቋረጫ ዘመን ሲቃረብ ብዙ ሴቶች እንቅልፋቸው ይታወካል። የወገቡ ሕመም ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀዎት ግን በድንኳኑ ከማመካኘት ሐኪም ያማክሩ።

ከደብዳቤዎ ልቤን የነካው ግን የፋኖሱ ነገር ነው። በእርስዎ ትዝታ ውስጥ ያማረ ሥዕል ሆኖ የቀረው ያ ሌሊት፣ ለአባትዎ ገመዱ ላልቶ እንደሆነ፣ ከልጆቹ ብርድ ልብሱ የተገፈፈበት እንዳለ፣ ከጫካው የሚሰማው የጅብ ድምፅ ቀርቦ እንደሆነ እያዳመጡ የሚያነጉት ሌሊት ሳይሆን አይቀርም። ልጅ የሚተኛው ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ስላለ ነው። በፋሲካው ሌሊት በዚያ ቦታ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ፤ ድካምዎም ከወገብዎ ይልቅ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ስንቁንም፣ ልብሱንም፣ ልጆቹንም ሲያስቡ ያደሩት ብቻዎን እንደሆነ ከደብዳቤዎ እገምታለሁ።

ስለዚህ ይሂዱ እላለሁ፣ ነገር ግን ሥራውን ያካፍሉ። ሌሊቱን ከባለቤትዎ ጋር ለሁለት ይክፈሉት፤ እስከ እኩለ ሌሊት አንዱ ያዳምጥ፣ ከዚያ ሌላው። ገመድ መወጠሩን፣ በድንኳኑ ዙሪያ የውሃ መውረጃ መቆፈሩንና እሳቱን በውሃ ማጥፋቱን ለልጆቹ ይስጡ፤ ደኑን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ። በመጪው ጥር ለአንድ ሌሊት ብቻ ይሞክሩት፣ ሁለተኛውን ሌሊት በማግሥቱ ጠዋት ወገብዎን ጠይቀው ይወስናሉ።