ኦሪጅናሉና ጀኔሪኩ ታሞክሲፌን፦ ለጀማሪ ፋርማሲስቶች

ልጆቼ፣ አንዲት የጡት ካንሰር ታካሚ «ኦሪጅናሉ የለም ወይ?» ብላ ስትጠይቃችሁ «ያው ነው» ብላችሁ አትሸኟት። ታሞክሲፌን አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። ጥርጣሬዋን ይዛ ከወጣች መሃል ላይ ታቋርጠዋለች፤ እኔን የሚያሰጋኝ ከጀኔሪኩ፣ ማለትም ሌላ ኩባንያ ከሠራው ያው መድኃኒት፣ ይልቅ ማቋረጧ ነው።

ኦሪጅናሉ የእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ ያወጣው ኖልቫዴክስ ነው፤ አሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. ፈቅዳዋለች። የፈጠራ መብቱ ካበቃ ቆይቷል።

ስለ ጀኔሪክ በጣም የሚያሳስተው «ከ80 እስከ 125 በመቶ» የሚባለው ቁጥር ነው። ብዙ ሰው፣ ባለሙያም ጭምር፣ ክኒኑ ውስጥ ያለው መድኃኒት እስከ 20 በመቶ ሊጎድል ይችላል ማለት ይመስለዋል። አይደለም። የሚለካው ከጀኔሪኩ ደም ውስጥ የገባው መጠን ከኦሪጅናሉ አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ ሁለቱ ምርቶች ለበጎ ፈቃደኞች ተሰጥተው ይነጻጸራሉ። በዚያ ወሰን ውስጥ ማረፍ ያለበት አማካዩ ብቻ ሳይሆን የ90 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ስለዚህ አማካዩ ወደ ጠርዝ የተጠጋ ምርት አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ1996 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የተገመገሙ 2,070 ጥናቶችን ሲያይ፣ በጠቅላላ ደም ውስጥ በገባው መጠን ላይ የተገኘው አማካይ ልዩነት 3.5 በመቶ ገደማ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለተመዘገበ ጀኔሪክ ነው። በሻንጣ ለገባና ምዝገባው ለማይታወቅ ክኒን ዋስትና የለም፤ ስሙ ኖልቫዴክስ ቢሆንም።

ማሸጊያውን በደንብ አንብቡ። «ታሞክሲፌን ሲትሬት 30.4 ሚሊግራም» የሚለው ከ20 ሚሊግራም ታሞክሲፌን ጋር እኩል ነው፤ 15.2 ደግሞ ከ10 ጋር። ችግሩ የሚመጣው አቅራቢ ሲቀየር ነው። ባለ10ውን ሁለት ሁለት ስትውጥ የቆየች ሴት ባለ20 ሲሰጣት በልማድ ሁለት ትውጣለች፣ 40 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው። በተገላቢጦሹ ደግሞ ሳታውቀው ግማሽ መጠን ትወስዳለች። ባዶውን የድሮ ማሸጊያ ይዛ እንድትመጣ ንገሯት፤ ከአዲሱ ጎን አስቀምጣችሁ አሳዩአት፣ ባለ20 ከሆነ «በቀን 1»፣ ባለ10 ከሆነ «በቀን 2» ብላችሁም ጻፉበት። ቀለሙና ቅርጹ መለወጡን አስቀድማችሁ እናንተ ንገሯት። ክኒኑን ከማሸጊያው አውጥታችሁ በፖስታ አትስጡ፤ ብርሃን ይጎዳዋል።

ሙሌቱ፣ ማለትም ክኒኑ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር የሚቀላቀለው ሌላ ነገር፣ ከምርት ምርት ይለያያል። ወተት ሆዷን የሚነፋት ሴት ካለች ላክቶስ (የወተት ስኳር) እንዳለበት እዩላት።

«አዲሱ አቃጠለኝ» ካለቻችሁ አትናቋት፤ ግን ድንገት ሰውነትን የሚያግለው ሙቀት ከኦሪጅናሉም ጋር የሚመጣ ነው። ለእሱ ወይም ለድብርት ፓሮክሴቲን ወይም ፍሉኦክሴቲን ታዞላት እንደሆነ ጠይቁ። ሁለቱም ጉበት ታሞክሲፌንን ኢንዶክሲፌን ወደሚባለው ይበልጥ ወደሚሠራው መልኩ የሚለውጥበትን ኢንዛይም ያዳክማሉ፤ ካሉ ለሐኪሟ አሳውቁ። አንድ እግሯ ካበጠ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይም ያልተለመደ የማህፀን ደም ካየች ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ታሞክሲፌን ሲጠፋ ሌትሮዞል ወይም አናስትሮዞል በራሳችሁ አትተኩ። እነዚህ ሌላ መድኃኒቶች እንጂ የታሞክሲፌን ጀኔሪክ አይደሉም፤ የወር አበባዋ ላልቆመ ሴት ኦቫሪዋ ካልታገደ በቀር ብቻቸውን አይሠሩላትም። የሌላ ኩባንያ ታሞክሲፌን ፈልጉላት፤ ካጣችሁ ባዶ እጇን ሳትሸኟት ሐኪሟ ዘንድ ደውሉ።