«እርስዎ» ያላት ልጅ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ ወደ ሌላ ሀገር የተወሰደ ልጅ ይመለስ የሚለውን የሄግ ስምምነት ሀገራችን ካልተቀበለች፣ ቀጠሮ የሚያበዛ ጠበቃ ምን አጠፋ?» አለችኝ። ሕጉን ነግሬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አንድ የመንዝ ሰው የአምስት ዓመት ልጁን «አያቱን አሳይቼ እመልሰዋለሁ» ብሎ ከስዊድን ይዞት መጣ፤ አልመለሰውም። እናትየውም የእኛው ሀገር ሰው ናት። ልጁ ከእሷ ጋር እንዲኖር የተሰጠውን የስዊድን ውሳኔ አስተርጉማ ተከትላው መጣች። እኔ የአባትየው ጠበቃ ነበርኩ።

ጉልበቴ ቀጠሮ ነበር። የውጭ ፍርድ የሚፈጸመው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከቁጥር 456 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት ነው፤ ያ ሀገር የእኛን ፍርድ እንደሚፈጽም ይረጋገጥ አልኩ። ሥልጣኑም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው ብዬ ተቃወምኩ። ውሸት አልተናገርኩም። ክረምት ገባ፣ ችሎት ተዘጋ። ሴትዮዋ የሥራ ፈቃዷ አልቆ ሄደች፤ ገንዘብ አጠራቅማ በዓመቱ ተመለሰች።

ልጁን ያን ጊዜ አየሁት። አያቱ በጣርማ በር ብርድ ባና አልብሰው አምጥተውታል። እናቱ ግቢው ውስጥ ብስኩት ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎም ይቀመጡ» አላት። «አንቺ በለኝ እንጂ» አለችው። ልጁ ዞር ብሎ አያቱን አየ። እኔም ችሎት ገብቼ «በጨዋ ደንብ እያደገ ነው፤ አካባቢውን ለምዷል» ብዬ ተከራከርኩበት። በሦስተኛው ዓመት መምጣቷን ተወች።

እ.ኤ.አ. የ1980ው የሄግ ስምምነት እንዲህ ያለውን ተንኮል አስቀድሞ ያየ ነው። ማን ያሳድግ የሚለውን አይወስንም፤ 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ ይኖርበት ወደነበረው ሀገር ይመለስ፣ ክርክሩ እዚያ ይሁን ነው የሚለው። ዓመት ሳይሞላ ለተጠየቀ ልጅ መመለሱ ወዲያው ነው፤ ስድስት ሳምንት ካለፈም የዘገየበት ምክንያት ይጠየቃል። ልጁ የተወሰደው ጀርመን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ይሠራላት ነበር። ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። ያጸደቅነው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 11 ሀገሮች እንዲህ ያሉ ውሎችን እንዲገቡ ይገፋፋል፤ እኛ እዚያው ቆመናል።

ስለዚህ ቀጠሮ አታብዙ እላለሁ። ደግሞ ከዱላ ሸሽታ ልጇን ይዛ የመጣች እናትም ደንበኛዬ ነበረች፤ ለእሷ ያበዛሁት ቀጠሮ እስከ ዛሬ አይቆጨኝም። ስምምነቱም ለከባድ አደጋ በአንቀጽ 13 በር ትቷል። ልጅ ለእረፍት ስትልኩ የመመለሻውን ቀን አስፈርሙ፤ ከተወሰደባችሁ ወረዳ ለወረዳ አትዙሩ፣ በቀጥታ ፌዴራል ከፍተኛ ሂዱ። ሌላውን ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ልጆች ሕግ የምትማሩት ቴሌግራም ላይ ነው፤ ችሎት ቁጭ ብላችሁ አትሰሙም። ብቻ ልጅቷ ጠይቃለች፤ እኔ በእሷ ዕድሜ አልጠየቅሁም።

ደንበኛዬ ከጥብቅና አበሌ ሌላ የመንዝ ሙክት አምጥቶልኝ ነበር። ለፋሲካ አረድነው።