ሻትዳውን የጠፋባቸው የዶሜይን ኮምፒውተሮች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ የቢሯችንን ኮምፒውተሮች ዶሜይን (ሁሉም ከአንድ ሰርቨር የሚታዘዙበት መረብ) ውስጥ ካስገባን ወዲህ ሠራተኞች ስታርት ሜኑ ላይ ሻትዳውንም ሪስታርትም አያገኙም። አድሚን ሲገባ ግን አለ። ፎርማት ላድርጋቸው?

መልስ፦ በፍጹም! ዊንዶውሱ ጤነኛ ነው፤ ፎርማት ተደርጎ ዶሜይን ሲገባ ያው ይሆናል። የከለከለው ግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ለኮምፒውተሮቹ የሚተላለፈው ደንብ ነው፤ የሚከለክልበት መንገድም ሁለት ነው፦ ወይ የማጥፊያውን ቁልፍ ከሜኑው ይደብቃል፣ ወይ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን የማጥፋት መብቱን ያነሣበታል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ፣ በተቸገረው ሠራተኛ አካውንት ይግቡና ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ሁአምአይ ስላሽ ፕሪቭ» ብለው ይጻፉ። «ኤስኢ ሻትዳውን ፕሪቪሌጅ» ከመጣ መብቱ አለ፣ የተደበቀው ቁልፉ ነው። ከጎኑ «ዲሴብልድ» ቢል አያስደንግጥዎ፣ ለጊዜው ሥራ ላይ አልዋለም ማለት ነው። ስሙ ጭራሽ ከሌለ መብቱ ራሱ ተነሥቷል።

ቁልፉ ከተደበቀ፣ ግሩፕ ፖሊሲውን ይክፈቱና በዩዘር ኮንፊገሬሽን ሥር አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ከዚያ ስታርት ሜኑ ኤንድ ታስክባር ይግቡ። «ሪሙቭ ኤንድ ፕሪቨንት አክሰስ ቱ ዘ ሻት ዳውን» ብሎ የሚጀምረውን «ኖት ኮንፊገርድ» ያድርጉት። ይኸው ፖሊሲ በኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን ሥርም ስላለ ሁለቱንም ይዩ።

መብቱ ከተነሣ ችግሩ ያለው ዩዘር ራይትስ አሳይንመንት ውስጥ፣ «ሻት ዳውን ዘ ሲስተም» ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ ባለሙያ «አድሚኒስትሬተርስ»ን ብቻ ያስገባል፤ ፖሊሲው ደግሞ የነበረውን ዝርዝር ይተካል እንጂ አይጨምርበትም። ስለዚህ «ዩዘርስ» እና «ባካፕ ኦፕሬተርስ» ይወጣሉ። ሦስቱንም መልሰው ያስገቡ፤ ፖሊሲው ግን ሰርቨሮቹ ያሉበት ኦዩ (በዶሜይኑ ውስጥ ኮምፒውተሮች የሚመደቡበት ክፍል) ላይ እንዳይደርስ አደራ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ አስተካክለናል፣ አሁንም አይታይም።

መልስ፦ ፖሊሲ በራሱ የሚታደሰው በ90 ደቂቃ ነው፤ እስከ 30 ደቂቃም ሊዘገይ ይችላል። «ጂፒአፕዴት ስላሽ ፎርስ» ይስጡት፤ ከዚያ ሠራተኛው ሳይን አውት ብሎ ይመለስ፤ መብት የሚሰጠው ሲገባ ነውና። ካልሆነ «ጂፒሪዛልት» የትኛው ፖሊሲ እንዳሸነፈ ይነግርዎታል።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ ሰርቨሩ ያለው ደብረ ብርሃን ነው። መስመር ሲቋረጥ ምን እናድርግ?

መልስ፦ መስመሩ እስኪመለስ የመጨረሻው ፖሊሲ እንዳለ ይቆያል። የተደበቀው ቁልፉ ብቻ ከሆነ «ሻትዳውን ስላሽ ኤስ ስላሽ ቲ ዜሮ» የሚለው ትእዛዝ ያጠፋዋል። መብቱ ከሌለ ሳይን አውት ብለው የመግቢያው ስክሪን ላይ ያለውን የማጥፊያ ምልክት ይሞክሩ። ገመድ መንቀል ግን ይቅር፤ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ይበላሻል።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ በሪሞት ዴስክቶፕ ስገባ «ዲስኮኔክት» ብቻ ነው የሚታየኝ።

መልስ፦ በሪሞት ሲገቡ የተለመደ ነው። መብቱ ካለዎት ያው «ሻትዳውን ስላሽ ኤስ ስላሽ ቲ ዜሮ» የሚለው ትእዛዝ ይሠራል፤ ሪስታርት ከፈለጉ በ«ኤስ» ፋንታ «አር» ያድርጉ።