ዲስኩ «ፎርማት ይደረግ?» ሲል

ጥያቄ፦ ፎቶ ቤት አለኝ። የደንበኞቼ የሠርግ ፎቶ ያለው 1 ቴራባይት በሚይዝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ኮፒ እያደረግሁ መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ መልሼ ብሰካው ዊንዶውስ ከመጠቀሜ በፊት ፎርማት እንዳደርገው ይጠይቀኛል። የፋይል ሲስተሙ «ራው» ነው ይላል። ጓደኛዬ ቼክዲስክ አሂድበት አለኝ። ላድርገው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። «ራው» ማለት ዊንዶውስ ፋይሎቹ የት የት እንደተቀመጡ የሚነግረውን መዝገብ ማንበብ አቃተው ማለት ነው፤ ፎቶዎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ኮፒ መሀል መብራት ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ይኸው መዝገብ ነው። ኩዊክ ፎርማት በላዩ አዲስ ባዶ መዝገብ ይጽፍበታል። ሙሉ ፎርማት ደግሞ ከቪስታ ወዲህ ባሉት ዊንዶውሶች ዲስኩን ዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ ነገር የለም። ቼክዲስክ ሥራው የፋይል ሲስተሙን ማስተካከል እንጂ ፎቶ ማዳን አይደለም። መዝገቡ ውስጥ ያልተስማማውን ይቆርጣል፣ ባለቤት ያጣውን ቁራጭ ስሙ በማይታወቅ ፋይል ይሰበስባል። ዲስኩ አካሉ ተጎድቶ ከሆነም ያደክመዋል።

መጀመሪያ ቀላሉን ይፈትሹ። ትንሹ (2.5 ኢንች) ዲስክ ኃይል የሚያገኘው ከዩኤስቢው ብቻ ነው፤ የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው ደግሞ 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ይህ ላይበቃው ይችላል። ሌላ አጭር ኬብል ይሞክሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ በኩል በቀጥታ ይሰኩት፣ ማከፋፈያ አይጠቀሙ።

ያው ከሆነ የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ከፍተው 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን መስመሮች ይዩ። 05 ተበላሽተው ዲስኩ ራሱ በሌላ የተካቸው ሴክተሮች (ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ናቸው፤ ሲ5 ማንበብ አቅቶት በይደር የያዛቸው፤ ሲ6 ደግሞ ተስፋ የቆረጠባቸው። ቁጥሮቹ ዜሮ ከሆኑ ችግሩ የመዝገብ ሳይሆን አይቀርም። ዜሮ ካልሆኑ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል በተሰካ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች የሚያሳየው በ16 መሠረት ስለሆነ «10» ብሎ ካሳየዎት 16 ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ቁጥሮቹ ምንም ይሁኑ፣ በዋናው ዲስክ ላይ ሙከራ አይደረግም፤ መጀመሪያ ሴክተር በሴክተር ቅጂ ይወሰዳል። በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ባለ 2 ቴራባይት ጤነኛ ዲስክ ያዘጋጁ (ቅጂው አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ፋት32 የተባለው ፎርማት ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ ፋይል አይቀበልም)። ሲስተምሬስኪው የተባለውን ነፃ ሊኑክስ ፍላሽ ላይ ጭነው ኮምፒውተሩን በሱ ያስነሱ። ውስጡ ቅጂውን የሚወስደው ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም አለ። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ምንጩን፣ የቅጂውን ፋይል፣ የካርታውን ፋይል (የቱ እንደተነበበና የቱ እንደቀረ የሚመዘገብበትን)። ምንጭና መድረሻ ከተምታታ ሁሉም ነገር አበቃ፤ ስለዚህ በዲስኩ መጠንና በሴሪያል ቁጥሩ ሁለቴ ያረጋግጡ። የመጀመሪያውን ዙር «ሰረዝ ኤን» (-n) በሚለው ምርጫ ያሂዱ፤ በቀላሉ የሚነበበውን ሰብስቦ እምቢ ያለውን ይዘላል። ሁለተኛው ዙር «ሰረዝ ዲ» (-d) እና «ሰረዝ አር 3» (-r3) ነው፤ የተዘለለውን ሦስት ጊዜ እየተመለሰ ይሞክራል። ጤነኛ ዲስክ በዩኤስቢ 3 ወደ 3 ሰዓት፣ በዩኤስቢ 2 ከ9 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የታመመ ዲስክ ቀናት ሊወስድ ይችላል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ያንኑ ትእዛዝ ከነካርታ ፋይሉ ደግመው ይስጡት፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርታውን ያጠፋ ሰው ግን ከዜሮ ይጀምራል።

ቅጂው ካለቀ ዋናውን ነቅለው ያስቀምጡት። የተጎዳውን መዝገብ የሚፈልገውን ቴስትዲስክ የተባለ ፕሮግራም በቅጂው ላይ ይክፈቱ፤ «አናላይዝ»፣ ከዚያ «ኩዊክ ሰርች»። ፓርቲሽኑ (ፋይሎቹ ያሉበት የዲስኩ ክፍል) ሲገኝ ፒ (P) የሚለውን ፊደል ይጫኑ። ፎልደሮቹ ከተዘረዘሩ ኤ ሁሉንም ይመርጣል፣ ትልቁ ሲ ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጣቸዋል። እዚህ ከደረሱ መጠገን አያስፈልግዎትም፤ ብዙ ሰው ግን ዝርዝሩን እያየ፣ ሳያስፈልግ መዝገቡን የሚጽፈውን «ራይት»ን ይጫናል። ዝርዝር ካልመጣ «አድቫንስድ» ውስጥ «ቡት» የሚለውን ያስገቡ። ኤንቲኤፍኤስ የቡት ሴክተሩን (የፓርቲሽኑን የመጀመሪያ ሴክተር) ትርፍ ቅጂ በፓርቲሽኑ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ትርፉ ደህና ከሆነ «ባክአፕ ቢኤስ» ይመልሰዋል።

ሁሉም ካልሆነ ፎቶሬክ የተባለው ፕሮግራም ይቀራል። መዝገቡን ትቶ የፎቶውን መነሻ ምልክት እያደነ ያወጣል፤ የፋይልና የፎልደር ስም ግን አይመለስም። «ፍሪ»ን (ባዶውን ቦታ ብቻ) ሳይሆን «ሆል»ን (ሙሉውን) ይምረጡ። የተነሡበት ቀን ፎቶዎቹ ውስጥ ስላለ በቀን መደርደር ይቻላል። ረጃጅም ቪዲዮዎች ተበታትነው ተጽፈው ከሆነ ተቆራርጠው ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ የኔ ዲስክ ተክ ተክ ይላል። ሠሪው ከፍቼ ልየው፣ ካልሆነ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን እቀይራለሁ አለኝ።

መልስ፦ አሁኑኑ ይንቀሉት፤ ይህን ሶፍትዌር አይጠግነውም። የማንበቢያው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ክፍተት ነው፤ አንድ ብናኝ ሳህኑን ይፍቀዋል። ሰሌዳ መቀየርም በዘመናዊ ዲስክ ብቻውን አይሠራም፤ የዚያ ዲስክ የራሱ ልኬት የተጻፈባት ቺፕ አብራ መዛወር አለባት። የሚከፍቱት ሰዎች አቧራ የማይገባበት ቦታና ተመሳሳይ መለዋወጫ ጭንቅላት እንዳላቸው አስቀድመው ይጠይቁ። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት የሚባለውን ይርሱት፤ ጤዛ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከሞተ ላፕቶፕ ያወጣሁት ኤስኤስዲ ሌላ ኮምፒውተር ላይ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። እኔ ምንም አልቆለፍኩም።

መልስ፦ ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የተገባባቸው ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ራሳቸው ይቆልፉታል። ያንን አካውንት በብራውዘር ከፍተው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ቁልፉን ይፈልጉ፤ ብዙ ከሆኑ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው የቁልፍ መለያ ጋር የሚመሳሰለውን ይውሰዱ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከነበረ ቁልፉ ያለው በአይቲ ክፍሉ እጅ ሊሆን ይችላል። ያለ ቁልፍ እከፍተዋለሁ ለሚል ሰው ገንዘብ አይክፈሉ።